ሽማግሌዬ አማቴ ቤት የተናገሩት

የሥራ ውሌ ማለቁን የነገረኝ አለቃዬ አይደለም። ዋናው መሥሪያ ቤትም አይደለም። ልጃቸውን እንዲሰጡኝ ሽማግሌ የላክሁባቸው ሰው ቤት ተነግሮ፣ በስልክ ዞሮ፣ ዋጫ ከተማ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ባልኩበት ነው የደረሰኝ። ዛሬም ሳስበው ክው እላለሁ። ሰው ከሥራ መውጣቱን ከአማቱ ቤት ይሰማል? እኔ ሰማሁ።

ያኔ ቦንጋ ውስጥ የማር ጥራት ለማሻሻል በተቋቋመ አንድ ፕሮጀክት ነበር የምሠራው። ሥራዬ በሞተር ሳይክል ገጠር ለገጠር እየዞሩ ከንብ አናቢዎች ጋር መዋል ነው። ማሩ ሳይበስል እንዳይቆረጥ፣ ጭስ ጭስ እንዳይል፣ ከሰሙ በደንብ እንዲለይ አብሮ መሥራት። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ብርድ አውቃለሁ። ዝናብ ግን የማውቅ መስሎኝ ነበር እንጂ አላውቅም ነበር። የታጠበ ጃኬት ሳይደርቅ ወር እንደሚያልቅ ያየሁት ከፋ ገብቼ ነው። መጀመሪያ ተራገምኩ፣ ቀስ በቀስ ለመድኩ፣ መጨረሻ ላይ ወደድኩት። ዳገቱን እያቃሰተ የሚወጣውን ባጃጅ፣ የጠዋቱን ጉም፣ ጭቃውን ሳይቀር ወደድኩ። እዚሁ ልቀር እንደምችል ለእናቴ መናገር ጀምሬ ነበር።

ውላችን በየዓመቱ ሰኔ ሠላሳ ያልቃል። ያልቃል የሚለው ወረቀቱ ነው። እኛ ሐምሌ አንድም ቢሮ እንገባለን፣ ሞተራችንን እናስነሳለን፣ ገጠር እንወጣለን። አዲሱ ውል ነሐሴ ላይ፣ አንዳንዴም ለዘመን መለወጫ ጥቂት ሲቀረው ከአዲስ አበባ ይመጣና ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ እንፈርማለን። ሐምሌ ለእኛ ውል የሌለው ወር ነበር። ሒሳብ ሠራተኛዋ «በሐምሌ ብንሞት የማን ሬሳ ነን?» እያለች ታስቀን ነበር። እኔማ ከጊዜ በኋላ የምፈርመውን ማንበብም ትቻለሁ። ሁሌ የሚታደስ ነገር ቢያልቅ ማንን ያስጨንቃል? ላም አለኝ በሰማይ መሆኑን ማን አስቦት። እንዳላስብ ያደረገኝ ደግሞ ወተቷን ለዓመታት ስጠጣ መቆየቴ ነው።

የቢሯችን ኃላፊ በዕድሜ የገፉ የቦንጋ ሰው ናቸው። ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥተው ነው በኮንትራት ወደ ፕሮጀክቱ የመጡት። የተጣላ ባልና ሚስት፣ ድንበር የተጋፋ ጎረቤት፣ ውርስ ያጣላቸው ወንድማማቾች ሁሉ እሳቸው በር ላይ ነው የሚገኙት። እኛ «ጋሼ» ብቻ ነው የምንላቸው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ሰው የሚያስከፋ ነገር መናገር ሲኖርባቸው ጃንጥላቸውን ያነሳሉ፣ መልሰው ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራሉ። እኛም ያን ጊዜ የመስክ አበል ቀረ ማለት ነው ብለን እንሳሳቃለን።

ዋጫ ላይ የምታስተምር ልጅ ወደድኩ። ለትምህርት ቤቷ ክበብ ስለ ንብ ማነብ እንዳስረዳ ተጋብዤ ሄጄ፣ ከተማሪዎቹ ሁሉ ይልቅ ጥያቄ ያበዛችብኝ እሷ ነበረች። ግማሹን አልመለስኩላትም። ልመልስ ስል እንደገና ሄድኩ፣ እንደገና ሄድኩ፣ በመጨረሻ ሰበቡ ሁሉ አለቀና እውነቱን ነገርኳት። እስከ ዛሬ በሆዴ «መምህርቷ» ነው የምላት። በጥር ልንጋባ ተስማማን። የቀሩት አባቷ ናቸው። ከዋጫ ወጣ ብሎ ቡናና ማር ያላቸው ገበሬ ናቸው፤ ጥቂት ተናግረው ብዙ የሚሰሙ። ወላጆቼን ለሽምግልና ከደብረ ብርሃን እስከዚህ ማምጣት የማይሞከር ሆነ። አባቴ በስልክ «እዚያ አገር አባት የሆነህ ሰው የለም?» አለኝ። አለ አልኩትና ጋሼን ሄጄ ለመንኩ።

ስለምናቸው ጃንጥላቸውን አነሱ። መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ገባ» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ደስ ይለኛል፣ ልጄ። በጣም ደስ ይለኛል። ግን መስከረም ብናደርገውስ?»

«ጋሼ፣ ሌላም ሰው ሊጠይቃት ነው ይባላል። ባይዘገይ።»

መስኮቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «እንግዲያው ይሁን» አሉ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ስለ እኔ መሆኑን ግን አላወቅሁም።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ጋሼ፣ የቤት አከራዬና የአከራዬ ወንድም። ሰኔ ውስጥ አንድ እሑድ ሚኒባስ ተከራይተን ዋጫ ወረድን። ጠያቂው ልጅ አብሮ አይገባምና እኔ ከተማው ውስጥ ሻይ ቤት ቀረሁ፤ እነሱ ወደ አባቷ ቤት አለፉ። ሻይ አዘዝኩ። ቀዘቀዘ። ሌላ አዘዝኩ። በሆዴ የሠርጉን ድንኳን እተክላለሁ፣ አፈርሳለሁ። ጥርም ቢሆን የዚህ አገር ሰማይ አይታመንምና ቆርቆሮ ይሻላል እላለሁ።

ስልኬ ጮኸ። መምህርቷ ናት። ታንሾካሹካለች፤ ጓዳ ሆና ሽማግሌዎቹን እየሰማች እንደሆነ ገባኝ።

«ሥራህ በዚህ ወር ያልቃል እንዴ?» አለችኝ።

ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ ሳቅሁ። «ማነው እንዲህ ያለው?»

«ሽማግሌህ ናቸው። አሁን፣ አባቴ ፊት። ‹ውሉ በሰኔ ያበቃል፤ አይታደስም› አሉ።»

«የትኛው ሽማግሌ?»

«አለቃህ ናቸዋ!»

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?» አለችና ቃል ሳትጠብቅ ዘጋችው። መልሼ ደወልኩ፤ አታነሳም። ደጋግሜ ደወልኩ፤ ጨርሶ ጠፋ። በዚህ ወር? በዚህ ሰኔ? ትናንት እኮ ገጠር ውዬ ነው የገባሁት! ከአንድ አናቢ ጋር ለመስከረም ቀጠሮ ይዤ ነው የመጣሁት! ሻይ የምትቀዳው ሴት ፊቴን አይታ ቀረብ አለችኝ።

«ወንድሜ፣ ሰው ሞተብህ እንዴ?»

«አይ። ሥራ ነው።»

«ተመስገን በል እንግዲህ» ብላኝ ብርጭቆውን አነሳች።

ሚኒባሱ ሲመለስ ዘልዬ ወጣሁ። አከራዬ ዓይኔን ሳያዩ «ለሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጥተውናል» አሉ። ጋሼ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ከጎናቸው ተቀመጥኩ። እኔ ቱግ የምል ሰው ነኝ፤ እናቴ «አንተ ልጅ፣ አፍህ ከልብህ ይቀድማል» ነው የምትለኝ። ያን ቀን ግን አፌ ተለጎመ። ለእኔ ብለው በዝናብ የወጡ ሽማግሌ በሌሎች ሽማግሌዎች ፊት እንዴት ይጠየቃሉ? እስከ ቦንጋ ድረስ የማውቀውን መንገድ ሁሉ አዲስ ሆኖብኝ ሳየው መጣሁ።

ጋሼ ወርደው ወደ ቤታቸው ሲያቀኑ ተከተልኳቸው።

«ጋሼ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ ልጄ።»

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ከፋሲካ በኋላ ከአዲስ አበባ ነገሩኝ። የገጠሩ ሥራ ይቆማል። ቢሮው ለጊዜው ይቆያል፤ የመስክ ሠራተኛ ውል ግን አይታደስም።»

«ከፋሲካ በኋላ! ጋሼ፣ እኔ እኮ ጠዋት ማታ ፊትዎ ነኝ!»

«ልነግርህ ነበር።»

«ለሰውየው ከመንገርዎ በፊት ወይስ በኋላ?»

ጮኼ ነው የተናገርኩት። አንድ ባጃጅ ነጂ ፍጥነቱን ቀንሶ ዞሮ አየን። ጋሼ ግን አልተቆጡም።

«ሰው ልጁን ሊሰጥ ሲል ጠይቆኝ መዋሸት አልችልም» አሉ።

«እኔንስ?»

«አንተን አልዋሸሁህም። አልነገርኩህም እንጂ።»

ይህን ብለው በራቸውን ከፍተው ገቡ። እኔ እዚያው ዝናብ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ሰው እንዲህ ሊል እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ቤት ስገባ አከራዬ ጠብቀውኝ የሆነውን ነገሩኝ። ሦስቱም ቆመው፣ «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል» ብለው፣ አባቷም እንደ ደንቡ ስለ ዘሬ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ፀባዬ ጠይቀዋል። ፀባዬ ላይ አከራዬ ራሳቸው እንደዋሹልኝ አልደበቁኝም። ከዚያ አባቷ «ሥራው ይቀጥላል?» አሉ። «እኔ ቀላል ጥያቄ መስሎኝ ‹እንዴታ!› ልል አፌን ስከፍት፣ አለቃህ ቀድመው ‹አይቀጥልም› አይሉ መሰለህ!» አሉ አከራዬ እጃቸውን በአፋቸው ጭነው። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ዘንድሮስ ጉዱ በሰኔ መጣ።»

በማግስቱ ቢሮ እንደገባሁ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። የሰው ኃይል ክፍል የምትሠራ ልጅ አነሳች። ለምን ቀድሞ እንዳልተነገረኝ ጠየቅኋት። ድምፅዋ የታመመ እንደምታስታምም ነው።

«ቅድመ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው እኮ ለሚሰናበት ሠራተኛ ነው» አለችኝ። «አንተ አልተሰናበትክም። ውልህ ነው ያለቀው።»

«ልዩነቱ ምንድነው? በሁለቱም ከቤት መዋሌ ነው።»

«የተወሰነ ጊዜ ውል በጊዜው ያበቃል። ቀኑን አውቀህ ነው የፈረምከው።»

«በየዓመቱ ካለቀ በኋላ ስታሠሩን ኖራችሁ የለም እንዴ? ነሐሴ ላይ ስታስፈርሙን?»

«እሱ ከታደሰ ነው። ዘንድሮ አልታደሰም» አለችና፣ ሞተሩንና ሄልሜቱን አስረክቤ ክሊራንስ ስጨርስ የሥራ ልምዴ እንደሚላክልኝ በዚያው ለስላሳ ድምፅ ነገረችኝ። ቤት አከራይ እንኳ ሲያስወጣ ወር ይሰጣል! ይህንንም አልኳት። «ገብቶኛል» አለች። የገባት አልመሰለኝም። ስልኩን ስዘጋ ሒሳብ ሠራተኛዋ ወረቀቷን ትታ ታየኛለች። እኔን ያስደነገጠኝ ልጅቷ ትክክል መሆኗ ነው። ሕጉ ከእሷ ጋር ነው፣ ፊርማውም የእኔ ነው።

ሥራስ ይሁን፤ ሌላ ይፈለጋል። ሌሊት ሌሊት የሚያባንነኝ የመምህርቷ ስልክ መጥፋት ነበር። ስላልቻልኩ ወደ ሚዛን በሚሄድ ሚኒባስ ዋጫ ወርጄ ትምህርት ቤቷ በር ላይ ጠበቅኋት። የተማሪዎች ደብተር በፌስታል ጠቅልላ ወጣች። አየችኝ፤ ፈገግ አላለችም።

«አላውቅም ነበር» አልኳት፤ ሰላም ለማለት እንኳ አልታገስኩም።

«ምኑን?»

«ውሉ እንደማይታደስ። እኔም የሰማሁት ካንቺ ነው።»

ቆማ አየችኝ። «የራሱን ውል የማያውቅ ሰው አለ?»

ምን ይመለሳል? ሐምሌ ውል የሌለው ወር ነው ልበላት? ወደ ኋላ ቀን እየተቆጠረ ነው የምንፈርመው ልበላት? አልኳት። ስናገረው ለራሴም ውሸት መሰለኝ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ቋሚ የሆነች መምህርት ይህን እንዴት ታምናለች!

«አባቴ ሥራ የለውም ብሎ አይደለም የተቆጣው» አለችኝ። «‹ሥራው ሊያልቅ ሲል ቸኩሎ ሽማግሌ የላከው ሊያታልለን ነው› ነው የሚለው። እኔም መልስ አጣሁለት። መስከረም ይሁን ሲሉህ አይሆንም ያልከው አንተ ነህ አሉ።»

ይህንንም ጋሼ እዚያው ተናግረውታል ማለት ነው! እውነት ናት፣ ግን እንዴት ያለች እውነት! መሬቱ የተከፈተብኝ ያህል ነበር። ለፍቅር የቸኮልኩት ለማታለል የቸኮልኩ ሆኖ ቁጭ አለ።

«ምን ላድርግ?» አልኳት።

«ደበቁኝ ካልክ የደበቁህ ሰው ይናገሩ። አባቴ ፊት፣ በአፋቸው። ካልሆነ እኔም አንተን ማመን ያቅተኛል።» ዝናቡ በርትቶ ደብተሮቹን ወደ ደረቷ አስጠግታ ሄደች።

ሌላ ሽማግሌ ልላክ ብዬ አከራዬን ጠየቅኋቸው። «አብደሃል?» አሉኝ። ሽምግልና በመሃል ሰው ከተለወጠበት የመጀመሪያው ዋሽቷል ማለት ነው፤ ጋሼ ደግሞ የዋሹት ነገር የለም። ስለዚህ የምለምነው ያንኑ ሰው ሆነ። እስቲ አስቡት፤ ሰው ሁሉ በጨዋነታቸው የሚምልባቸውን ሽማግሌ፣ በሰው ቤት ቆመው «ጥፋተኛ ነኝ» እንዲሉልኝ ልጠይቅ ነው። ለዚያውም ከጮህኩባቸው በኋላ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ነውና ሌሊቱን ቃል ስመርጥ አደርኩ፤ ጠዋት ፊታቸው ስቀርብ ግን የመረጥኩት ሁሉ ጠፋኝ።

«ጋሼ፣ አታላይ ነው ብለውኛል» አልኩ። ከዚያ በላይ መናገር አቃተኝ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ። አፈርኩ።

ጋሼ ጃንጥላቸውን አነሱ። እምቢ ሊሉኝ ነው ብዬ ነበር። «እሄዳለሁ» አሉ። «የገባሁበትን እኔው እወጣለሁ።»

በቀጠሮው እሑድ አባቷ «ልጁም ይምጣ» ብለው ስለላኩ እኔም አብሬ ገባሁ። ዝናቡ ከባድ ስለነበር አባቷ ሾፌሩንም ከመኪናው ጠርተው በር አጠገብ አስቀመጡት። ከአባቷ ጎን ወንድማቸው ተቀምጠዋል። የጓዳው በር ገርበብ ብሏል፤ ከበሩ ሥር የመምህርቷን ጫማ አየሁት።

ጋሼ ቆመው ጀመሩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ ሲደበድበው ግን አጠገባቸው ያለሁት እኔ እንኳ ከግማሽ በላይ አልሰማሁም። አባቷ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ።

«አልሰማሁም!»

ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። አሁንም አልተሰማም። ያን ጊዜ ጮኹ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሼ ሲጮኹ ሰማሁ።

«ልጁ አያውቅም ነበር! የማውቀው እኔ ነኝ! የደበቅሁት እኔ ነኝ!»

አንገቴን ደፋሁ። የለመንኩት ይህንኑ ነበር፤ ሲሆን ግን ማየት አቃተኝ። አከራዬ ጣራውን ያያሉ። አባቷ ዝናቡ ጋብ እስኪል ጠብቀው «ለምን?» አሉ።

«ደስ ብሎት ነበር» አሉ ጋሼ። «ድንኳን ያስባል፣ ሠርግ ያስባል። ዛሬ ልንገረው፣ ነገ ልንገረው ስል ቆየሁ።»

አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ አይበቃኝም። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። ስንቱን አስታርቀዋል። ይህችን ቃል መናገር እንዴት አቃተዎት?»

ጋሼ ግድግዳውን በእጃቸው ያዝ አደረጉ።

«ለእሱ ከነገርኩት የራሴንም መናገር ነበረብኝ» አሉ። «ቢሮው ይቀጥላል፤ እኔ አልቀጥልም። ወጣት ኃላፊ ይመጣል ተብሏል። የእኔም ውል ከእሱ ጋር ነው የሚያልቀው። ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴም አልተናገርኩም። ጠዋት ጠዋት ሸሚዝ ስትተኩስልኝ አያታለሁ፣ ዝም እላለሁ።»

ክው አልኩ። ከሻይ ቤቱ ቀን ይልቅ የዚህ ቀን ድንጋጤ ባሰብኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እኔ፣ ለእኔ፣ ከእኔ ስል፣ በሰውየው በር ላይ ስጮህ፣ እሳቸው ያንኑ ዱብ ዕዳ በሆዳቸው ይዘው ነበር። ጡረታ አላቸው፣ ኃላፊ ናቸው፣ ምን ይነካቸዋል ብለን ሁላችንም ረስተናቸዋል። ተነስቼ ልይዛቸው ፈለግሁ። በሰው ቤት ምን እንደሚደረግ ስላላወቅሁ ተቀመጥኩ።

አባቷና ወንድማቸው በከፊኖኖ ትንሽ ተነጋገሩ። ገጠር ስዞር ከለቃቀምኳት በስተቀር ቋንቋውን አልችልም፤ ፊታቸውን ብቻ አነባለሁ። ከዚያ አባቷ በአማርኛ ተናገሩ።

«ሥራ የለውም ብዬ አልተቆጣሁም። ቡናም አንድ ዓመት ይሰጣል፣ አንድ ዓመት ያርፋል። እኔ ውሸት ነው የፈራሁት።» ወደ ጓዳው ዞሩ። «ሰማሽ?»

«ሰማሁ» አለች መምህርቷ።

«አመንሽ?»

ወጣች። መጀመሪያ ያየችው እኔን አይደለም፤ ጋሼን ነው። ዓይኗ ቀልቷል። «አመንኩ» አለች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ እኔም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በደንብ መተንፈስ ጀመርኩ።

«እንግዲያው ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ አባቷ። «ሠርጉ ሥራ ሲያገኝ ይሁን።» ጋሼን ደግሞ ወደ በሩ ሲሸኟቸው ክንዳቸውን ይዘው «እርስዎ ግን ዛሬውኑ ቤትዎ ይናገሩ» አሏቸው። ጋሼ «እሺ» አሉ፤ ተማሪ ለመምህሩ እሺ እንደሚለው።

በመንገድ አከራዬና ወንድማቸው ስለ ሠርግ ያወራሉ፤ እኔን ይመርቁኛል፣ ይቀልዱብኛል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ ግን ሙሉ ሆኖ አልወጣ አለኝ። ሚኒባሱ ቦንጋ ዳገቱን ወጥቶ በጋሼ በር ላይ ሲቆም እሳቸው ወረዱና፣ በተከፈተው በር በኩል እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ አብረኸኝ ግባ።»

«ምን ልታዘዝ፣ ጋሼ?»

«ሽማግሌ ሁነኝ» አሉ።

ቀልድ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። ቀልድ አልነበረም።

ባለቤታቸው እትዬ የመኪና ድምፅ ሰምተው በረንዳው ላይ ወጥተዋል። «ተሳካ?» አሉ ከሩቅ። «ተሳካ፣ እትዬ» አልኩ። እልልታቸውን አቀለጡት። ጎረቤት በአጥር በኩል ብቅ እስኪል ድረስ እልል አሉ፤ አገላብጠው ሳሙኝ፣ ውለዱ ክበዱ አሉኝ። ጋሼ ከኋላዬ ናቸው። ዞሬ አየኋቸው፤ አይችሉም። ሲሞክሩ አየሁ፣ አይችሉም።

«እትዬ» አልኩ፤ ሌሊቱን ሙሉ ቃል የመረጥኩበት ቀን ትዝ እያለኝ፣ አሁን ምንም ሳልመርጥ። «የጋሼም ውል አልቋል። በዚህ ወር መጨረሻ ከሥራ ይወጣሉ።»

እጃቸው ትከሻዬ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ማን አለ?»

«ራሳቸው ናቸው የተናገሩት። ዛሬ፣ ዋጫ፣ የልጅቷ አባት ቤት።»

«የልጅቷ አባት ሰምተዋል?»

«ሰምተዋል።»

«ልጅቷስ?»

«ሰምታለች።»

እትዬ ጋሼን አላዩም። በእኔ ትከሻ ላይ አሻግረው ወደ ውጭ በሩ አዩ፤ ሚኒባሱ እየጠበቀኝ ነው፣ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ አንገቱን መሪው ላይ ደፍቷል።

«ሾፌሩም ሰምቷል?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ» አልኳቸው። «እሱም ሰምቷል።»